ሦስተኛው ኪስ

ከፖስታ ቤት ማዶ፣ ከደረጃው ሥር፣
ሁለት ክንድ ቦታ ነው የእኔ ሀገር።
መኪናዬ አሮጊት፣ ፔዳሏ ሲጢጥ ባይ፣
ስሰፋ እውላለሁ መንገደኛውን ሳይ።
ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣
ቻይና ለሚሄድ ሰው ኪስ እደብቃለሁ።
እኔ ራሴማ ከቢሾፍቱ ወዲያ የትም አላለፍኩም፣
በሰፋሁት ኪስ ግን ያልሄድኩበት የለም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነጂሃ መጣች፣
ባዶ ትልቅ ሻንጣ እየጎተተች።
ከባዶው ሻንጣ ውስጥ ሌላ ባዶ ሻንጣ፣
ከሱም ውስጥ ሦስተኛ አንድ ባንድ ሲወጣ፣
«አትሳቅ» አለችኝ፣ «ይሄ ነው የኛ ጣጣ፤
ባዶ ይሄዳል ሰው ሞልቶ ሊመጣ።»

አሥራ ሁለት ዓመት መርካቶ ሰው ያመጣውን ጫማ ቸርችራ፣
አሁን ጓንዡ ወርዳ ልታመጣ ነው በራሷ እጅ ቆጥራ።
ቀድማት የሄደችው ዘሀራ የለገሠቻት
ምክሩ ከሻንጣው ይልቅ ከብዷት፣
እንደ ሸመደደ ተማሪ ታወርደው ጀመር፦
«የቧንቧ ውሃ ተይ፣ የፈላ ያዢ በፔርሙዝ፤
ጫማሽ የለመድሽው፣ የማይመዘምዝ፤
ሶፍት አይለይሽ፣ ሽንት ቤቱ ወረቀት አያውቅም፤
ስትሻገሪ ዞር ብለሽ እዪ፣ የባትሪ ሞተር ድምፅ አያሰማም፤
የሆቴልሽን ካርድ ሳትይዢ እንዳትወጪ ከበር፤
ብትጠፊ ለባለ ታክሲ ማሳየት ይሻላል ከመናገር።»

ክትባቷን ጨርሳ ቢጫ ካርድ ይዛለች፣
ሽሮና በሶዋን በላስቲክ ቋጥራለች፣
ፓስፖርቷን በሦስት ኮፒ አስነሥታለች።
«አንዱ ከሻንጣዬ፣ አንዱ ከቤት ቀርቷል፣
አንዱ ካንተ ይቀመጥ፣ ማን ምኑን ያውቃል።»
«ለምን ከእኔ?» ብላት፣
ቀሚሱን ዘረጋች ከመኪናዋ ፊት።

«አንደኛው ለገንዘብ፣ ከእምብርቴ በላይ፣
ሁለተኛው ለፓስፖርት፣ ከብብቴ ሥር፣ ማንም እንዳያይ።»
ለካሁ፣ በጠመኔ አሰመርኩ፣ መርፌ ቀየርኩ።
«ሦስተኛም አለ» ስትል ቀና አልኩ።

አወጣች ወረቀት በላስቲክ አሽጋ፣
ፊደሉ እንደ ሰፈር ቤት የተጠጋጋ፣
መስኮት በመስኮት ላይ፣ ጣራ በጣራ።
«ይሄስ?» አልኳት። የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ብሎ ሲጣራ፣
እስኪያልፍ ጠበቀች፤ ከዚያ በዝቅታ፦

«‹ስኳር አለብኝ› ነው የሚለው።
‹ካንቀጠቀጠኝ ጣፋጭ ስጡኝ፤ ከወደቅሁ ሐኪም ጥሩ፤
መድኃኒቴ ከእጅ ቦርሳዬ ነው፤ በዚህ ቁጥር ደውሉ።›
የስድስት ኪሎ ተማሪ ነው የጻፈልኝ።»
«ቁጥሩ የማን ነው?»
«ያንተ።
ልጆቼ አያውቁም። አባታቸውም የሞተው በዚሁ ነው፤
ቢሰሙ ከበር አያስወጡኝም።
አንተ ደግሞ ሁሌ እዚህ ነህ።»

ሁሌ እዚህ ነኝ። እውነቷን ነው።
ከጥቁር አንበሳ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አሳየችኝ፣
መርፌው ከሻንጣ ጋር ከታች ከተጫነ በብርድ ይበላሻል አለችኝ።
ከቀሚሱ ገበር፣ ከልቧ ትይዩ፣
መስታወት ላስቲክ ሰፋሁ፣ ከፍተው ላዩት ፊደላቱ እንዲታዩ።
ስፌቱን ደገምኩት። የሦስተኛውን ዋጋ ግን አልተውኩላትም፤
ብተው ስንብት ይመስላል፣ እሱን አልወደድኩትም።
እሷም ነጋዴ ናት፣ ተከራክራ ሃያ ብር አስቀነሰች፣
ባዶውን በባዶ ውስጥ ከታ፣ ጎትታ ሄደች።

ዛሬ ሌሊት ትበራለች።
ፎቶዋ ከመሳቢያዬ፣ ከቁልፍና ከክር መሐል፣ ሳትስቅ ታየኛለች።
አሁን፣ ከተኛሁ በኋላ፣ መጣብኝ ጥያቄው፦
ጣራው በየት በኩል ነበር? መስኮቱስ የቱ ነው?
ወረቀቱን ገልብጬ ሰፍቼው ቢሆንስ?
ይሁን፤ የወደቀ ሰው ያየ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣
አልኩና ጎኔን ቀየርኩ። ደግሞ ቀየርኩ።

ለወትሮው በሦስት ሰዓት የማጠፋው ስልኬ
ከትራሴ ሥር በርቷል፣ ቻርጁ ላይ።
በማላውቀው ቋንቋ ቢጠሩኝ
«አቤት» እላለሁ፤
ሌላ ምን እላለሁ።