ክፍል ዘጠኝ

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣
«እንደምን አመሻችሁ» እላለሁ፣ ማን እንዳመሸ ሳላውቅ፤
ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጬ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣
ማይኩን ካልሲ አልብሼ፣ ቁልቁል ሲንጠባጠብ ላቤ።

ጠያቂዋ እኔ፣ መላሿ እኔ፣ ቆራጭ ቀጣይዋም እኔ፤
ሰሚስ? ባለፈው ሳምንት አሥራ አንድ ሰው ይል ነበር፤
ሦስቱ እኔው ነኝ፣ መውጣት አለመውጣቱን ስሞክር።
አንዷ እህቴ ናት፣ እሷም እስከ ግማሹ ድረስ፤
«ድምፅሽ ያስተኛል» አለችኝ፣ አስባ ለማወደስ።

እንግዳዬ ቀጠሮ ሰጥቶ፣ ታክሲ አጣሁ ብሎ ቀረ፤
የመጣ ዕለት መብራት ሄደ፣ የአርባ ደቂቃ ወግ ተሰወረ።
ጥቅሌ አለቀ፣ ልጭነው ስል፣ ዘጠና ስምንት በመቶ ላይ፤
ክቧ ምልክት ዞረች፣ ዞረች፣ እኔ ጣራ ጣራውን ሳይ።

ውሾቹማ አይጣል ነው፤ ጅብ ከማሳው ማዶ ድምፁን ሲያሰማ፣
ብሎኩን ሙሉ ያንጫጩታል፤ የኔን ቃል ማን ሊሰማ?

አንድ ሌሊት ጥበቃው፣ ጋሽ ደቻሳ፣ ደጄን ቆረቆሩ፤
«ልጄ፣ ከማን ጋር ነው ሌሊት ሌሊት ወሬው?»
«ከሰው።»
«ከየትኛው ሰው?»
ዝም አልኩ።
ዱላቸውን ይዘው ወረዱ፣ ደረጃውን እየቆጠሩ።

ዛሬ ስቆርጥ ስቀጥል፣ አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ፣
ከድምፄ ሥር፣ ከታች፣ ከሩቅ፣
«እረፍ! ዝም በል አንተ! ልጅቷ ሥራ ላይ ናት» ይላል።
ውሻውም ዝም ይላል።

ላጠፋው ጣቴን ዘረጋሁ፤ መልሼ ሰበሰብኩት።
ክፍል ዘጠኝን እንዳለ፣ ከነውሻው ለቀቅኩት።

እስካሁን አራት ሰው ሰምቶታል።
የጋሽ ደቻሳ ስልክ ግን ባለ ቁልፍ ናት።