ለአንሶላ ብቻ

ከበላዬ ያለው ሰው፣ ጡረተኛው ታይስቶ፣
በቱርኩ ወደብ መርከብ ሲበይድ አርባ ዓመቱን ገፍቶ፣
አሁን ዓሣ ያረባል፤ ያውም በሳሎኑ፣
አውራ ወንዝ በረዶ ለብሶ፣ በስምንት ሰዓት ጨልሞ ቀኑ።
የልጅ ልጁ ቪልያ ናት ገንዳውን ያመጣች፣
«እስክመለስ ጠብቅልኝ» ብላ ጥላው ሄደች።

ማስቀመጫ የለውም። ዙሪያውን አየ።
ጠረጴዛው ይወላገዳል፤ ወንበር ምኑ ታምኖ፤
ከጥግ ቆሟል እንጂ የአውኔ ኮመዲኖ፣
አባቷ በእጁ ሠርቶ ለሠርጓ የሰጣት፤
ሰባት ዓመት ሞላው፣ ቤቱ እሷ ከሌለችበት።
«ይችላል» አለ ታይስቶ፣ ወገቡን ደባብሶ፣
ያልገዛውን ፈረስ አስቀድሞ አወድሶ።

እኔ ራይሊ ነኝ፣ ታች ቤት የምኖር፤
አልጋዬ የተዘረጋው ልክ ከገንዳው ሥር።
ሒሳብ አልወድም ነበር፣ ያን ለት ግን ደመርኩ፤
ሁለት መቶ ሊትር ውሃ፣ ሁለት መቶ ኪሎ አልኩ፤
አሸዋው ሠላሳ፣ መስተዋቱ አርባ፣
ድንጋዩም አለ፤ ገና ዓሣው ሳይገባ።
ዓሣዋማ ምን ትከብዳለች፣ ጣት የምታክል ነፍስ፤
እሷን ለማኖር ነው ይህ ሁሉ ውሃ የሚፈስ።
እንግዲህ አንድ ኮርማ ከራሴ በላይ፣ አራት እግሩን ገትሮ፣
ሲያመሰኳ ያድራል፣ በማጣሪያው ሞተር አንጎራጉሮ።

ወጣሁና ነገርኩት፤ ሳቀብኝ ከት ብሎ፤
«መርከብ የሠራ ሰው ኮመዲኖ ይፈራል? ማን ሰምቶ፣ ማን ብሎ!»
«መርከብህን ውሃ ተሸከመው፤
ውሃህንስ ማን ይሸከመው?»
ጥቁር ዳቦ ቆረሰልኝ። መልስ አልነበረው።

እንጨት አይጮህም። ዝም ብሎ ይጎብጣል።
በገና ሰሞን የላይኛው መሳቢያ፣ የአውኔ ዕቃ ያለበት፣
ጥርሱን ነከሰ፣ የውሃው ጫና ወርዶበት።
በየማታው ይከፍተው ነበር፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፤
ምን እንደሚያይ አላውቅም፤ አይጠየቅም ሁሉ።
(ይህን የነገረኝ ኋላ ነው፤) «ውሃ ልክ ላምጣ» ብሎ ተነሣ፤
ለካ ፊቱ ቆሟል፣ ከነአሸዋው ከነዓሣ፤
የገንዳው ውሃ ራሱ፣ በግራ አፉ ድረስ ሞልቶ፣
በቀኝ አንድ ጣት ጎድሎ።
ውሃ አይዋሽም፤ ቤቱ ሲዘም እሱ ቀጥ ይላል ተኝቶ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ቀጭ! አለ ጣሪያዬ፤
ኮቴ በደረጃ ወረደ፤
ካልሲ ብቻ አድርጎ ቆሟል ደጃፌ ላይ፣
«ባልዲ አለሽ ወይ፣ ጎረቤቴ ሆዬ?»

ሦስት ባልዲ ነበረኝ፣ አንዱ ጆሮው የተነቀለ።
ዓሣዎቹን በሾርባ ድስት፣ ውሃውን ወደ መታጠቢያ ቤት፣
ተራ በተራ፣ ሳንነጋገር፣ እጅጌያችን ርሶ፤
ኮመዲኖው እፎይ ይላል፣ ትንፋሹን መልሶ።
ሊነጋጋ ሲል ሳበው።
ተከፈተ።
ፊቴን አዞርኩ።
ዕቃዋን በጫማ ካርቶን ሲያደርግ ኮሽታውን ብቻ ሰማሁ።
ከዚያ መሳቢያውን ነቅሎ፣ በባትሪ ጎንበስ ብሎ ሲያይ፣
ስንጥቁን ሲፈልግ፣ ከገበታው ሆድ ላይ፣
በአናጢ እርሳስ፣ በአማቱ ጠማማ ፊደል፦
«ለአንሶላ ብቻ።»

ሳቀ ሰውዬው።
እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም፣ በጣሪያ በኩልም።
«አርባ አምስት ዓመት አብሬው ኖሬ፣
አንድ ቀን አጎንብሼ ባየው!»

በሳምንቱ ብረት በየደ፤ ስድስት እግር ያለው፣
ማዕበል ቢመጣ እንኳ የማይነቀንቀው።
ኮመዲኖውን ለእኔ ሰጠኝ፤ አልጋዬ አጠገብ ቆሟል።
አንሶላ አስገብቼበታለሁ፤ እንደ ትእዛዙ።
ጀርባው ግን አልተቃናም፤ አይቃናምም ይመስለኛል።
ቪልያ የረሳቻት አንዲት ብይ አለችኝ፤
ማታ ማታ፣ ኮርማው ከላዬ ማመስኳት ሲጀምር፣
ከጠርዙ ላይ እለቃታለሁ፤
ቀስ ብላ ትሄዳለች፣
መሃሉ ጋ ስትደርስ ትቆማለች።