ባለቤት ፍለጋ

ሐምሌ ነው፥ ደብረ ማርቆስ፤ ውሰታ ሰፈር፥
ቆርቆሮው ከላዬ በዝናብ ሲሸበር፤
ፈተናው ሐሙስ ነው፥ ዛሬ ማክሰኞ ማታ፥
አንድ ጣት ሻማ ነው የቀረኝ፥ እሱም ነፋስ ሲነካው ሲያመነታ።
«መብራት ሄደ» ይላሉ። የት ሄደ? በምን እግሩ?
እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ነው፥ የእኛው ቋንቋ ነገሩ።

ደንበጫ አስተምራለሁ፥ እንግሊዝኛ፥ ስድስተኛ «ሀ»፤
ክረምት ክረምት ግን ተማሪ ነኝ፥ ጫማዬ ሙሉ ውሃ።
«ሰንጥቋት» ይለናል መምህር አንሙት፥ ዓረፍተ ነገሯን እንደ ማገዶ፥
«ባለቤት ወዲህ፥ ግስ መሀል፥ ተሳቢ ከግሱ ማዶ።»
እኔ መች ለመድሁ? የእኛ ቃል መቼ ይሰነጠቃል?
«አልነገረችኝም» ብል፥ ለእሷም፥ ለዝምታዋም፥ ለእኔም አንድ ቃል ይበቃል።
እነሱ ጋ አምስት ነው፤ ሁሉም ለየራሱ ቤት ሠርቶ፥
አንዱ ቦታ ቢለቅ፥ ትርጉም ይቀራል ጠፍቶ።

ከጭቃው ግድግዳ ማዶ ዲያቆን አለ፥ እሱም ለግስ የሚተጋ፥
«ቀተለ፥ ገደለ» እያለ ያወርደዋል እስኪነጋ።
ስንቱን ገደለው በሌሊት! እኔ አንዷን እንኳ አላዳንሁ።
ግድግዳውን በጡጫ መታሁ። ዝም አለ። ደግሞ አዘንሁ።

ሲሰለቸኝ በስም እለማመዳለሁ፤ የጎጃም ስም ዓረፍተ ነገር ነው፤
ያየህይራድ። አየነው። መምህራችንም አንሙት ነው።
ወንድሜ ይርሳው ይባላል። ማን ይርሳ? ማንን? ብዬ ጻፍሁ፥
ሁለት መስመር አሰመርሁ፥ ሁለቱንም ባዶ ተውሁ።
እናታችን ከእሱ በፊት ሦስት ቀብራለች፤ ባለቤቱን ታውቀዋለች፤
ሞት ይርሳው ማለቷ ነበር፥ ስሙን ፈርታ ዘለለች።

ገጽ ሰባ አራት፥ መልመጃ ሦስት፤ በተደራጊ ግስ የታሰረ፦
መስኮቱ ተሰበረ። ደብዳቤው ተላከ። ገንዘቡ ተቆጠረ።
«ጸሐፊው አድራጊውን ለምን ደበቀ? በሦስት መስመር አብራሩ።»
ሰው ይሁን ዝናብ እንጃ፤ ብቻ ተንኳኳ በሩ።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።
ሰኔ ላይ፥ ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፥
ይርሳው ደወለ፥ ድምፁን እንደ ዘበት አቅልሎ።
«ብሩ ተገኝቷል።»
«ከየት?»
«ቦራው ተሸጠ።»
ተሸጠ! እንደ መሸ፥ እንደ ነጋ፥ የማንም እጅ ሳይኖርበት፤
በሬው ራሱን ነድቶ ገበያ የወረደ ይመስል፥
ዋጋውን ራሱ ተከራክሮ።
በሰኔ። መሬቱ ገና ሳይታረስ።
እኔም ለምስጋና ቸኩዬ፥ ባለቤቱን አልጠየቅሁ።

ተሳቢው ይኸው፤ በገመድ ተስቦ፥ ቁልቁል ወደ ገበያ፥
ማሰሪያውም ያው፤ ከበረቱ ጉጥ ላይ፥ ባዶውን፥ ከመሞጃው ወዲያ።
ባለቤቱ ግን የለም። ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ፥
በመቀናጆ ያርሳል፥ በሰው በሬ፥ ተራ ጠብቆ፥ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ገብቶ።

ሐሙስ፥ ጥያቄው ያው መጣ። ሦስቱን መስመር በአንድ ሞላሁ፤
በእንግሊዝኛ ነው፥ ግሱ ይሳሳት ይቅና እንጃ፦
«አድራጊው የተደበቀው ባለዕዳው እንዳያፍር ነው።»
በቀይ ተመለሰልኝ፦ «መልስ፤ አድራጊው ስለማይታወቅ።»
ከአሥር አራት።

አራቴን ይዤ ደወልሁ።
በእኛ ቋንቋ «አንተ» ባይባልም ይገባል፥ ግሱ ውስጥ አለ፤
እኔ ግን እንደ እነሱ ባለቤቱን አስቀደምሁ፦
«አንተ ነህ ቦራውን የሸጥኸው።»
ዝም አለ።
ከጀርባው የሌላ ሰው በሬ አገሳ።
«መብራቱስ» አለኝ፥ «መጣ?»