የኅዳር ሪዝ

ኅዳር ሲታጠን፣ እኔ ልጅ ነበርኩኝ፣
ከየጓሮው ጉድፍ ተሸክሜ መጣሁኝ፤
በሽታ በጭሱ ይሸሻል ተባለ፣
ሰፈሩ በሙሉ ሲያስነጥስ ዋለ።
ምን እንደሚሸሽ ማን ጠይቆ ያውቃል?
እሳት ካለበት ቦታ ልጅ የት ይርቃል?

ዛሬም ኅዳር ነው፤ ዮተቦሪ ከተማ፣
ቀኑ አሥር ሳይሞላ እጅ ሲሰጥ ለጨለማ፣
የዘጠኝ ቁጥር ትራም እነዳለሁ እኔ።
ሌናርት፣ አንጋፋችን፣ ተቀመጠ ጎኔ፦
«ዘንድሮ አንተም አለህ፤ ምላጭህን ጣለው፣
ጠያቂ ሲመጣ ‹ለፕሮስቴት ነው› በለው።
ሪዝህ ማስታወቂያ፣ ከንፈርህ ሰሌዳ፤
አንድ ሰው ከጠየቀ፣ አንድ ሰው አይጎዳ።»

ፕሮስቴት! ይህን ቃል በአማርኛ ፈለግሁ፣
ከአፌ እስኪደርስ ድረስ ስንት መንገድ ሄድሁ።
‹የወንድ ዕጢ› ስል፣ ‹ከፊኛ በታች› ስል፣
ወሬው ይታጠፋል ወደ እግር ኳስ ድል።

በሁለተኛው ሳምንት ጥቂት ጸጉር ቢወጣ፣
ሚስቴ ዘርትሁን አለች፦ «አባጨጓሬ መጣ!»
ልጄም ከትምህርት ቤት ሥዕል ስላ ሰጠች፣
ከእኔ ይልቅ ሪዙን አግዝፋ አወጣች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዳይ ተሸክሜ፣
ብሩንስፓርከን ላይ በዝናቡ ቆሜ፣
«ሃምሳን ያለፈ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ፣
ሽንት ቤት ደጃፍ ላይ ሌሊት አይጨነቅ»
እያልኩ ስጣራ በሰባራ ቋንቋ፣
አንዲት ሴት ቆመች ጃንጥላዋን ነቅንቃ።
ባሏን ነገረችኝ፤ ስሙ ቱሬ ነበር፣
ሦስት ዓመት ተመላለሰ፣ ሌሊት፣ ከአልጋው እስከ በር፤
«ብርዱ ነው» ይላታል፣ «ቢራው ነው» ይላታል፣
እሷም አምና ትተኛለች፤ ሰው ባሏን ያምናል።
አሥር ክሮነር ጣለች፤ ሙዳዩ ውስጥ ጮኸች፤
በየትኛው ትራም እንደሆን ሳላየው ሄደች።

በእድራችን ጉባኤ ወረቀት ባድላቸው፣
ሳቁን ለቀቀና ጀመረ አስፋቸው፦
«ለሞተ ማዋጣት፣ ይኸ ያባት ነው፤
ላልታመመ ሰው ግን የምን ልቅሶ ነው?
ደግሞስ በአደባባይ፣ እነ እትዬ ባሉበት፣
ስለ ወንድ ሽንት ነው የምናወራበት?»
ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣
ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትሁ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»
ስንል ነው ያደግነው፤ ተረት አልጎደለንም።
ሁሌ የሚቸግረን ጀማሪ ማግኘቱ፤
የዛሬው ጀማሪም ኪሱ ነው ወረቀቱ።

የዚያኑ ቀን ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣
ስልኬ ተንቀጠቀጠ። «ይርዳው፣ እንዳትሰማ
ብዬ ነበር እንጂ…» አለ በሹክሹክታ፤
ውሃ ይንጠባጠባል ከኋላው፣ በዝግታ።
«አምስተኛዬ ነው ዛሬ። ገና አልተኛሁም።
ለእሷ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርሁም።»
ከዚያ ዝም አለ። ዝም አልሁ። አንደበቴ ታሰረ፤
ወሩን ሙሉ የለፈፈው ሪዜ የት ነበረ?
«አንተ ስትመረመር ምን አደረጉ?» አለኝ።
ሃምሳ አራት ዓመቴ፤ ሪዝ ብቻ ነበረኝ።

ማክሰኞ ጤና ጣቢያው፣ እጃችን ጉልበት ላይ፣
እንደ ተማሪ ልጅ፣ መምህር እንደሚያይ፤
ነርሷ ስም ስትጠራ ሁለታችን ተነሣን፣
የማን ስም እንደሆነ ለአፍታ ተረሳን።
«አንተ ቅደም» አለኝ። «አይ፣ አንተ» አልሁት እኔም።
መርፌው የትንኝ ነው፤ ከዚያ በላይ አይደለም።

የነሌናርት ኅዳር ዛሬ ማታ ያልቃል፣
ሁሉም ምላጩን ይዞ መስተዋት ፊት ይቆማል።
የእኛው ግን ገና ነው፤ ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል፣
የአስፋቸው ደብዳቤም በዚያው ይመጣል።
የእኔው ‹ደህና› ይላል። ስነግረው ሳቀ፤
የሳቁ መጨረሻ ጉሮሮው ላይ ታነቀ።
ምላጩን አነሣሁ፤ ሣጥኑ ውስጥ መለስሁ፤
«አባጨጓሬው ይቆይ» ለዘርትሁን አልሁ።