ባለቤትና ተሳቢ

ከደረቅ ወደቡ ማዶ፣ ኮምቦልቻ፣ ከቃሲም ፀጉር ቤት፣
አንገቴን በነጭ ጨርቅ ታስሬ ከመስታወቱ ፊት፣
ምክር ቤቱን የማየው ከጀርባዬ ነው፣ በመስታወት ገልብጬ፣
የሚኒስትሩን ግራ እጅ ቀኝ አድርጌ፣ ዝም ብዬ ተቀምጬ።

የኛው ተወካይ ቆመዋል፦
«ክቡር ሚኒስትር፣ ከዚህ ከከባድ መኪናው አዋጅ ረቂቅ
አንቀጽ አሥራ ሁለት ላይ፣ ስለ ፍሬን ምርመራ አንድ ነገር ልጠይቅ።
ባለፈው ጥቅምት፣ ሀረጎ ላይ፣ በአንድ ጀንበር ሰባት ሰው ሲያልቅ፣
‹ብቁ ነው› ብሎ የፈረመው ማን ነው? የመረጠኝ ሕዝብ ይወቅ።»

ሚኒስትሩ መነፅር ጠረጉ፣ ወረቀት ገለጡ፤
ድምፃቸው መልካም ነው፤ ሳይቸኩሉ፣ ሳይቆጡ፦
«ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ በዝርዝር ታይቷል።
ክፍተቱ ተለይቷል። አቅጣጫ ተቀምጧል።
ግብረ ኃይል ተቋቁሟል። ጥናትም ተጀምሯል።
በቀጣይም ይኸው ሥራ ተጠናክሮ ይሠራል።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ደሴ ላይ ሰዋስው ያስተማረ ሰው
ጡረታ ቢወጣም ጆሮው አይወጣም፤ እንደ ጥርስ ሕመም ነው።
ተለይቷል፤ ማን ለየው? ተቀምጧል፤ ማን አስቀመጠ?
አንድ በአንድ ብቆጥር፣ ግሱ ሁሉ ከጌታው እጅ አመለጠ።
በጠመኔ አቧራ ውስጥ ቆሜ፣ እል ነበር፦ ባለቤት
ማለት፣ ድርጊቱ መጥቶ በሩን ሲመታ፣ ከውስጥ የሚል «አቤት»።

ወረፋ ጠባቂው እንድሪስ፣ የተሳቢ ሹፌር፣ የጥንት ተማሪዬ፣
«መምህር» አለ በመስታወቱ፣ «ባለቤቱ የት አለ?» ብሎ ሳቀ በላዬ።
ዘጠነኛ ሲ ሳለ፣ «ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ምን ይመስላል?» ብዬ ፈትኜው፣
«ሹፌሩ ጥሎት የዘለለ መኪና፣ ተሳቢውን እየጎተተ ቁልቁል የሚወርድ» አለ፤
በቀይ ሰረዝኩት፤ ዜሮ ሰጠሁት፤ ቀልድ መስሎኝ ነው።

ተሳቢውማ አለ።
ሰባት ናቸው። አንዷን አውቃታለሁ፤ ከገርባ፣ ጦይባ ይመር፤
ለእህቷ ሰርግ ሻሽ ገዝታ ስትመለስ ነበር።
ሻሹ ከነፌስታሉ ተገኘ።

ሚኒስትሩ ውሃ ተጎነጩ። «አመሰግናለሁ» አሉ፤ «ሰዓቴን ጨርሻለሁ።»
እንድሪስ ከወንበር ዘለለ፦ «ተገኘ! ባለቤት ሰማሁ!»
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቃሲምም ሳቀ፤ ምላጩ ሳተ፤
ከጆሮዬ ሥር ትኩስ መስመር እስከ ጨርቁ ተጎተተ።

«እኔ ነኝ» አለ ቃሲም። ጥጥ ያዘ። «እኔ ነኝ የቆረጥኩዎት፣ መምህር።»
ሳቁ ቆመ። ከቴሌቪዥኑ በቀር ዝም አለ ሁሉም ነገር።

እጅ ወጣ። አዋጁ ጸደቀ። የተወካያችንም እጅ ወጥቶ አየሁ፤
ቀኝ ይሁን ግራ፣ በመስታወት ነውና፣ ለመለየት ተቸገርሁ።

እኔስ?
አንድ ክረምት መቶ አርባ መጽሐፍ ከትምህርት ቤቱ መጋዘን ሲታጣ፣
ቃለ ጉባኤ ያዡ ነበርኩ፤ ጽሕፈቴ ቆንጆ፣ ቀለሜ የማይነጣ።
ሌባውን አውቀዋለሁ። ብር አበድሮኛል። ቤቱ አፍጥሬያለሁ።
«መጻሕፍቱ ጠፍተዋል» ብዬ፣ መጽሐፍ እግር ያለው ይመስል፣ ጽፌያለሁ።
ርእሰ መምህሩ «ጥሩ ተጽፏል» አሉ። ፈረምን። ለበዓል ተለያየን።

ቃሲም ጨርቁን ፈታልኝ። ሒሳብ አልቀበልም አለ።
እንድሪስ ወረፋውን ለሌላ ሰጥቶ ውጭ ነው፤ ተሳቢው ሥር ገብቷል፤
ፍሬኑን በገዛ እጁ ይነካካል፣ በመዶሻ ይደበድባል፣ ያዳምጣል፤
ማሰሪያውን ሁለቴ ጠምጥሞ፣ ሦስተኛውን በጉልበቱ ያጠብቃል።
ሀረጎ ላይ ጉም ወርዷል።