ሁለት ጣት

ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ፣ በቆርቆሮው ክፍል፣
ሐምሌ ጣሪያውን ሲወቅጥ፣ እኔ ቁጥር ስከፍል፣
ደብረ ብርሃንን አስገባኋት በአንዲት የብርጭቆ መስኮት፤
ጣሪያዋን በካሬ ሜትር፣ አስፋልቷን በመቶኛ ስሌት፤
ይህን ያህል ኮብልስቶን፣ ይህን ያህል ሣር፣
ይህን ያህል ተዳፋት፣ ከጠባሴ እስከ ወንዙ ዳር።
"ቢዘንብስ" ብዬ ጠየቅሁ፣ "በሰዓት ሠላሳ ሚሊ ሜትር?"
ሞዴሉ ሰማያዊ መስመር ሰደደልኝ፣ ቀጥ ያለ እንደ ክር፤
"ውሃው ወደ ዋናው ቱቦ፣ ቱቦው ወደ በሬሳ፣
የማንም ደጅ አይነካም" አለ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ ለምሳ።

ስመለስ ጎርፉ ዘነበች ቤት ገብቷል።
(ዘነበች ስሟ ነው፤ እርግጥ ዝናቡም ዘንቧል።)
የዱቄት ጆንያዋ እንደ ሊጥ ተነፍቶ፣
ግድግዳው እስከ ጉልበት ጥቁር ዘይት ተቀብቶ።
መስመሬ ላይ እሷ የለችም፤ ሞዴሉ አያውቃትም።
"አንቺ ልጅ" አለችኝ፣ "ወረቀታችሁ ላይ እኛ ሰፈር አይዘንብም?"

ጋሽ ሽመክት መጣ። ቱቦ ጠራጊ ነው፣ ሠላሳ ዓመት፤
አካፋ የበላው መዳፉ የሬንጅ ሽታ ያለበት።
ስክሪኑን በጭቃ ጣቱ ነካና፣ "ይሄን ማን አቀናው?
እዚህ ጋ ክዳኑ ተሰርቋል፤ እዚህ ፌስታል ነው የሞላው፤
እዚህ ጋራዡ አለ፣ ሞተር የጠጣውን የሚተፋ፤
እዚህ የብርድ ልብስ ክርና የቆዳ ጸጉር፣ ተቃቅፎ የተደፋ።
ኮምፒውተርሽ ሽታ ያውቃል?"
ዝም አልኩ። ዝምታም አንዳንዴ ይሸታል።

ከድልድዩ ሥር ወሰደኝ። ድንጋዩ ላይ በከሰል የተጫሩ
ጭረቶች፣ ዓመት በዓመት፣ እንደ ልጅ ቁመት የተሰፈሩ፤
"ይህ የዚያ የክፉው ነሐሴ፣ ይህ ልጄ የተወለደች ለት፣
ይህቺኛዋ ፋብሪካው የተከፈተ ሰሞን፤ ቀለሟን እያት።
ቀይ ነበር ውሃው፤ ሳምንት ሙሉ ቀይ። ከታች ያሉ ሰዎች
ከብቱን ከወንዝ ቢያግዱም፣ ቀድመው ጠጥተው ነበር ሁለት ጥጆች።"
በሬሳ፣ በሬሳ እንለዋለን፤
በሬውን ብቻ ሰምተን፣ ሬሳውን ዋጥ እናደርጋለን።

ለካ ክረምት አይደለም የሚያቆሽሸው፤ በጋ ነው የሚያጠራቅመው፤
የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ የስምንት ወር ዕዳ ነው የሚሸከመው።
ጎማ የፋቀው፣ እጣቢው፣ የመኪና ማጠቢያው አረፋ፣ የቄራው ደም፣
ሁሉን የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ይወስዳል፤ የኋለኛው ያን ያህል አይከፋም።

ጭረቶቹን በሜትር ለካሁ። ሦስት ሌሊት በጋቢ ተጠቅልዬ ቁጥር ሳስተካክል፣
የተዘጋውን ዘግቼ፣ የጎበጠውን አጉብጬ፣ የዘነበችን ቤት ስተክል፣
በአራተኛው መስመሩ ተጣመመ፤ በመጋዘኑ ጀርባ ዞረ፤
በሯን ከፍቶ ገባ፣ ልክ ባለፈው እንደ ነበረ።
ሰው ቤት ጎርፍ ሲገባ ደስ ይላል? እኔን ደስ አለኝ፤ አፈርኩ፤
ቢሆንም በውድቅት ለጋሽ ሽመክት ደወልኩ።

ከዚያ ወዲያ "ቢሆንስ"፣ "ቢሆንስ" ሆነ ሥራችን።
ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው ሜዳ ቢቆፈር፣ ቢጎደጉድ፣
ቄጠማና ደንገል ቢበቅልበት፣ ጎርፉ እንደ እንግዳ አረፍ ብሎ ቢሄድ?
ጋራዦቹ ደጃፍ ላይ የአሸዋ ጉድጓድ፣ ዘይቱን ይዞ የሚያስቀር?
በየጣሪያው ሥር አንድ በርሜል፣ የዝናቡን ጥድፊያ የሚሰብር?
"አራት ጣት" አለ ሞዴሉ (በጣት የተረጎምኩት እኔ ነኝ)፣
"አራት ጣት ይቀንሳል።" አመንኩት፤ ማመን አማረኝ።
በጀቱ በግማሽ መጣ፤ በርሜሉ ቀረ፤ ጋራዦቹ "ነገ" አሉ፤
ሜዳው ብቻ ተቆፈረ፤ የሰፈር ልጆች በአካፋ ሲጋፉ ዋሉ።

ነሐሴ ገባ። ዘነበ። ስልኬን እንደጨበጥኩ አደርኩ፤
ሲነጋ፣ ጋሽ ሽመክት ከሰሉን እንደያዘ ደረስኩ።
"ሁለት ጣት" አለኝ።
"አራት ብሎ ነበር እኮ!"
ሳቀ። "አራቱን እሱ ይቁጠር፤ ውሃው ሁለት ሰጠኝ።"
ዘነበች የጆንያዋን አፍ ፈታች፤
ደረቅ ዱቄት ዘግና አሳየችን፤ ምንም አላለች።

ውጭ፣ በቄጠማው ሥር፣ ውሃው ገና ጥቁር ነው።
ጋሽ ሽመክት አጎንብሶ አሸተተና፣
"ይሄንንስ" አለ፣ "በምን ልንሰፍረው?"