ባዶ ደረት

ሽምብጥ ነው ሱቄ፣ ከባጃጅ ማዞሪያ፣
ሲንጀሬን ያቆምኩት ከበሩ መግቢያ።

አንማው ሲጀምረው ፌስታል ነበር ቢሮው፣
በስታዲየሙ በር ሻርፕ መሸጥ ኑሮው።
ከዚያ የሜዳን ዳር በሜትር አከራየ፣
ካሜራ የሚያየው የት እንደሁ ለየ።
«ክንድ ይሄን ያወጣል፣ ጀርባ ይሄን ያህል፣
ደረት ግን ወርቅ ነው!»
እንደ በሬ ገዢ ዳብሶ እያየ ሲምል።
እኔም ስም ሰፋሁኝ፤ የባንክ፣ የሲሚንቶ፣
ሲከምርብኝ ነው ከየትም አምጥቶ።

አንድ ሐሙስ ማታ፣ መብራት እንደ ሄደ፣
አሥራ አንድ ማሊያ ይዞ ከባጃጅ ወረደ።
«ቁጥሩን ከጀርባ ስፊ፣ ፊቱን ተይው እንዳለ፤
የልጆቹን ደረት አልሸጥም፣ የዋብዳር» አለ።

ገበያ ያጣ መስሎኝ ልቤ አዘነለት፤
የኋላ ኋላ ነው ወሬውን የሰማሁት፦
የውርርድ ቤት ሰዎች እጥፍ እንክፈል ብለው
ሦስት ቀን ደጅ ጠኑት፤
ሻይ ጋብዞ ሸኛቸው።

ቅዳሜ ሲነጋ ከጣና ዳር ሄዱ፣
በረኛው፣ አጥቂው፣ እሱም እስከ ሆዱ
ውሃ ውስጥ ገብተው እምቦጭ ሲነቅሉ፣
ታንኳው ላይ ያለው ሰው «ጎል!» ይላል፣ ክምሩን ሲጥሉ።
ካሜራ አልነበረም። እኔ ነኝ ያየሁት፣
ምሳቸውን ይዤ በእግሬ ነው የሄድኩት።

ያን ነጭ ደረት ሁሉ ጭቃ ለጥፎታል፤
ሁለቴ አጠብኩት፣
ጥላው እዚያው ቀርቷል።

ደግ ሰው ነው አንማው፤ ስጠየቅ እላለሁ።
የአሥራ አንዱን ቁጥር ሒሳብ ግን
ዛሬም እጠብቃለሁ።